እናት ውስጥ ፈረስ ምን ይሠራል?

ቻይንኛ እንደማስተምር የሰማ ሰው ሁሉ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «ያ ስዕል ስዕል የሚመስለው?» ሠርግ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም ያው ነው። ድሮ ቁጭ ብዬ አስረዳ ነበር። አሁን ፈገግ ብዬ ወሬ እለውጣለሁ። ተማሪዎቼ ግን ይህንኑ ይዘው ሲመጡ ዝም ማለት አልችልም። አብዛኞቹ ለንግድ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ ከተማ የሚመላለሱ ናቸው፤ በከንቱ የሚያጠፉት ሁለት ወር የላቸውም።

ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ እናራግፋቸው።

«50 ሺህ ፊደል መሸምደድ አለብኝ።» የለባችሁም። በ1716 እ.ኤ.አ. የወጣው የካንግሺ መዝገበ ቃላት ከ47 ሺህ በላይ ይዟል፤ ቻይናውያኑም አብዛኛውን አይተውት አያውቁም። መንግሥታቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝርዝር ያሉት 8,105 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የዘወትር የተባሉት 3,500 ብቻ።

«የቻይንኛ ሀ ሁ ስንት ነው?» ሀ ሁ የለውም። ፒንዪን የሚባለው፣ በላቲን ፊደል የሚጻፈው፣ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የንባብ መርጃ ነው። የመንገድ ታፔላ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰፈር ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ሜኑ ላይ አትጠብቁት።

«አንዱ ፊደል አንድ ቃል ነው።» አንዳንዴ። ብዙ ጊዜ ግን ሁለት ሆነው ነው ቃል የሚሆኑት። «እሳት» እና «መኪና» ባቡር ነው። «ኤሌክትሪክ» እና «አንጎል» ኮምፒዩተር። እነዚህስ ይገመታሉ። «ምሥራቅ» እና «ምዕራብ» ተገናኝተው «ዕቃ» ሲሆኑ ግን ማን ይገምታል? «ማሻንግ» ቃል በቃል «ፈረስ ላይ» ነው፤ ትርጉሙ «አሁኑኑ»። የጓንዡ ነጋዴ ማሻንግ ካላችሁ ግን ቆማችሁ እንዳትጠብቁ። የእኛ ሰው ገና ቤቱ ሆኖ «ደርሻለሁ» እንደሚለው ዓይነት ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልሂድ። «ፊደሎቹ ስዕል ናቸው፤ ስዕሉን ካየህ ትርጉሙ ይገባሃል።»

ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎቹም ነው። የመጀመሪያው ቀን «ሰው»ን እናሳያለን። የእኛን «ለ» ይመስላል፤ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሰው። «ተራራ» ሦስት ጫፍ አለው። «አፍ» ባዶ ካሬ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚጻፉት በአንድ፣ በሁለት፣ በሦስት አግድም ጭረት ነው። ተማሪው «ይቺማ ቀላል ናት» ይላል። «አራት» ስትመጣ ግን አራት ጭረት ተደርድሮ አያገኝም። ሳጥን ነው፣ ውስጡ ሁለት እግር።

ቻይናውያን በዚህ የሚቀልዱበት የቆየ ተረት አላቸው። የአንድ ሀብታም ልጅ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ተምሮ «ገብቶኛል» ብሎ መምህሩን አሰናበተ። አባትየው አንድ ዋን የሚባል ወዳጁን ሊጋብዝ ፈለገና ልጁን ደብዳቤ ጻፍ አለው። ዋን ማለት አሥር ሺህ ነው። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ ጠፋ። አባት ቢገባ ወረቀቱ በጭረት ተሞልቷል። «ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ስም ይኖረዋል? ገና አምስት መቶ ላይ ነኝ!» ዛሬ በዋናው ቻይና «ዋን» የሚጻፈው በሦስት ጭረት ነው።

አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። «እናት» የሚለውን አጥንታ መጣች። ግራው «ሴት» ነው፣ ቀኙ «ፈረስ»። «ገባኝ» አለችኝ፤ «እናት እንደ ፈረስ ስለምትለፋ ነው»። ደስ ይላል። ለእናቶች ቀን ካርድ ይሆናል። ግን ውሸት ነው።

ያንኑ ፈረስ ይዘን እንሂድ። «አፍ» እና «ፈረስ» አንድ ላይ «ወይ» ነው፤ «መጣህ ወይ?» እንደምንለው። ፈረሱ ላይ ሁለት «አፍ» ጎን ለጎን ሲቀመጥ መሳደብ ነው። «ነፍሳት» እና «ፈረስ» ጉንዳን። «ድንጋይ» እና «ፈረስ» ደግሞ ኮድ፤ ሱቅ ገብታችሁ በስልክ ስትከፍሉ ስካን የምታደርጉት እሱ። የትኛው ላይ ነው ፈረስ የሚጋለበው? የትም። ፈረስ በቻይንኛ «ማ» ነው። እናትም ማ፣ «ወይ» የሚለውም ማ፣ ስድቡም ማ፣ የጉንዳኑም የኮዱም ፊደል ማ። የድምፁ መውጣትና መውረድ ብቻ ይለያያል። ፈረሱ እዚያ የቆመው «ማ ብለህ አንብበኝ» ለማለት ነው። ጎኑ ያለው ቁራጭ ደግሞ ነገሩ በምን ዙሪያ እንደሆነ ይጠቁማል። ከፊደሎቹ ከአምስቱ አራቱ ያህል የተሠሩት እንዲህ ነው። ሹ ሸን የሚባል ሊቅ በ100 እ.ኤ.አ. ገደማ ባዘጋጀው መዝገበ ቃላት ላይ አስቀምጦታል። አዲስ ወሬ አይደለም እኮ!

አላምን ያለ ተማሪ ሲገጥመኝ ሰሌዳው ላይ «ዐ» እጽፋለሁ። ምንድን ናት? ዐይኑ ዐ። ስሟም ዐይን፣ መልኳም ድቡልቡል። ጥንት ከዐይን ስዕል ነው የመጣችው። «ዐለም» ብላችሁ ስታነቡ ግን ዐይን ታያላችሁ? ድምፅ ነው የምታነቡት። ቻይናዊም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ደብተራችሁን በድምፅ ቤተሰብ ክፈሉት። «ቺንግ» ለሚባለው ፊደል አንድ ገጽ ስጡት። ውሃ ሲጨመርበት «የጠራ»። ንግግር ሲጨመርበት «እባክህ»። ልብ ሲጨመርበት ስሜት። ፀሐይ ሲጨመርበት ደመና የሌለው ሰማይ። ዐይን ሲጨመርበት ዐይን፣ ግን እሱ «ጂንግ» ተብሎ ይነበባል። አዎ፣ ሁልጊዜ ልክ አይመጣም። ሁለት ሺህ ዓመት ድምፅን ይለውጣል። ቢሆንም ከአምስት ፊደል አራቱን በአንድ ቀን ከያዛችሁ ምን ጎደለባችሁ?

«በእጄ መጻፍ ካልቻልኩ አላወቅኩትም» የሚለው ደግሞ የጎበዞች በሽታ ነው። የቻይና ሕፃን እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የትምህርት ዓመታት 1,600 ያህል እንዲለይ፣ 800 ብቻ እንዲጽፍ ነው የሚጠበቅበት። አዋቂዎቹም በስልክ ፒንዪን መትተው ከሚመጣላቸው ስለሚመርጡ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ይጠፋቸዋል። «ብዕር አንስቶ ፊደል መርሳት» የሚል አባባልም አላቸው። እኔ መጀመሪያ ላይ መቶ ያህሉን ብቻ ነው የማስጽፈው፤ እጅ ዐይንን ስለሚያስተምር። «ሰው» እና «መግባት» ሁለቱም «ለ» ይመስላሉ። «መግባት» ላይ ግን የቀኙ እግር አናቱ ላይ ያልፍና ወደ ግራ ዘንበል ይላል። ይህን አንዴ የጻፈ ሰው ባቡር ጣቢያ በር ላይ አይደናገርም።

የመጨረሻው ስህተት ሆድ ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ነጋዴ ተማሪዬ «አሳማ» የሚለውን ፊደል አሳምሮ ያውቅ ነበር። ሜኑ ላይ ፈለገ፣ አጣው፣ አዘዘ፣ በላ። አሳማ ነበር። ሜኑ ላይ «ሥጋ»፣ ማለትም «ሮው»፣ ብቻውን ከተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። በሬ ሲሆን «ኒዩ»፣ በግ ሲሆን «ያንግ» ከፊቱ ይጻፋል። ያንግ አናቷ ላይ ሁለት ቀንድ አላት (እሺ፣ እሷስ ስዕል ናት)። ሙስሊም ከሆናችሁ «ቺንግዠን» (ሐላል) የተጻፈበትን ቤት ፈልጉ፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ያቺ ውሃ የተጨመረባት ቺንግ ናት። ጾም ከሆነ ደግሞ «ሱ» የሚለውን ያዙ፤ ሥጋ የሌለበት ማለት ነው። እንቁላል ግን ሊኖርበት ስለሚችል ሳትጠይቁ አትዘዙ።