ድምፅ አልባ ፊልም፦ ጥፋቱ የፊልሙ ነው ወይስ የማሽኑ?

«የድሮ ፊልም ላይ ሰዎቹ ይሯሯጣሉ»

ያኔ የነበረው ተመልካች ይሄን ያህል ሩጫ አላየም። ካሜራው በእጅ ነበር የሚዞረው። በሰከንድ ሁለት ዙር የተለመደ ነበር፤ ይሄ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሰጣል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱ 24 ላይ ተቆለፈ። በ16 የተቀረፀውን በ24 ካሳዩት እንቅስቃሴው በአንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል። በቴሌቪዥን ስናየው የሳቅነው በዚህ ነው።

«እንግዲያው ሁሉንም በ16 ማሳየት ነዋ!»

ይሄኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም የሚሳሳቱት ጉዳዩን አውቀናል የሚሉ ሰዎች ናቸው። ካሜራ አንሺው አንዱን ትዕይንት በ16፣ ሌላውን በ20 ሊያዞር ይችላል። ኦፕሬተሩም (ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልሙን የሚያሳየው ሰው) ብዙ ጊዜ ከተቀረፀበት ፈጠን አድርጎ ነበር የሚያሳየው። የአሜሪካ የፊልም መሐንዲሶች ማኅበር በ1920ዎቹ ለቀረፃ በደቂቃ 60 ጫማ ፊልም፣ ለማሳያ 80 ጫማ ይል ነበር። በሰከንድ ወደ ፍሬም ሲሰላ 16 እና 21 ገደማ ነው። ለኦፕሬተሮች የሙያ ምክር በመጻፍ የታወቀው ኤፍ. ኤች. ሪቻርድሰን ደግሞ ዓይንህን ከሸራው አትንቀል ባይ ነበር፤ ተዋናዩ በተፈጥሮ አረማመድ እስኪሄድ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ኦፕሬተሩ ነው። በዚህ ላይ የሲኒማ ቤቱ ባለቤት ግፊት አለ። 1,000 ጫማ ጥቅል በ16 ወደ 17 ደቂቃ፣ በ24 ግን 11 ደቂቃ ይፈጃል። ቶሎ ካለቀ ሌላ ዙር ትኬት ይሸጣላ!

«በ16 ሲታይ ብርሃኑ ይርገበገባል»

ሸተር የሚባለውን፣ በማሳያው ማሽን ውስጥ እየዞረ ብርሃኑን የሚቆራርጠውን ክንፋም መከለያ ረስተውት ነው። ባለ ሦስት ክንፍ ከሆነ እያንዳንዱን ፍሬም ሦስት ጊዜ ያበራል። 16 በ3 ሲባዛ በሰከንድ 48 ብልጭታ ነው፤ በዚህ ፍጥነት ዓይን መርገብገቡን ብዙም አይለየውም። ባለ ሁለት ክንፉም በ24 ፍሬም ያው 48 ይሰጣል።

«ኦፕሬተሩ እጀታ ከማዞር ሌላ ሥራ የለውም»

ሞተር ከገባ በኋላ እንኳ ሥራው አልቀለለም። መብራቱ የሚመጣው በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል ከሚነድ ቅስት ነው። ዘንጎቹ እየነደዱ ያጥራሉ፤ እያቀራረበ ካልጠበቃቸው ብርሃኑ ይዋዥቃል፣ ይጠፋል። አዲስ አበባ ውስጥ የጥንቱን ሲኒማ ሰው «ሰይጣን ቤት» ይለው ነበር፤ የኦፕሬተሩን ክፍል ቢያይ ምን ሊል ነበር?

«ሁሉም ጥቁርና ነጭ ነበር»

አልነበረም። ብዙው ቅጂ ቀለም ይነከር ነበር፦ ሌሊት ሰማያዊ፣ እሳት ቀይ።

«የፓሪሱን እሳት ያስነሳው ፊልሙ ነው»

ግንቦት 4 ቀን 1897 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የበጎ አድራጎት ባዛር ከ120 በላይ ሰዎች ሞቱ። መነሻው ግን ኤተር በሚባል ተቀጣጣይ ፈሳሽ የሚሠራው የፊልም ማሳያው መብራት ነበር፤ ሲሞሉት የወጣው ትነት በክብሪት ተቀጣጠለ።

ይሄ ፊልሙን ነጻ አያወጣውም። የናይትሬት ፊልም (የዚያን ጊዜው ተቀጣጣይ የፊልም ዓይነት) መብራቱ ፊት ከቆመ በሰከንዶች ውስጥ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ማሽኑ ሲዘገይ በራሱ ወርዶ ብርሃኑን የሚጋርድ መከለያ ተሠራለት። «ውኃ አለ፣ ምን ችግር አለ» የሚልም አይጠፋም። ናይትሬት ሲነድ ኦክስጅን ከራሱ ያገኛል፤ ውኃ ውስጥ ቢነክሩትም መንደዱን ይቀጥላል። ያለው አማራጭ እሳቱን እዚያው ክፍል ውስጥ ማፈን ነው። እንግሊዝ በ1909 ባወጣችው ሕግ መሠረት ፕሮጀክተሩ እሳት በማይበግረው ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ የተደረገው ለዚህ ነው።