ይግባኝ ምንድን ነው? ያለ ጠበቃ ተከራክሮ በድብደባ ለተፈረደበት ሰው

ቃሉ ራሱ ልመና ነው፤ ጉዳዬ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ እንደማለት። የማቻከል ወረዳ ፍርድ ቤት የፈረደበት ሰው ደብረ ማርቆስ ወጥቶ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት «ይታይልኝ» ይላል።

ብዙ ሰው ምስክሮቼን እንደገና አቆማለሁ፣ ያኔ ያላልኩትን አሁን እላለሁ ብሎ ተስፋ ያደርጋል። እንደዚያ አይደለም። የበላዩ ዳኛ በዋናነት የሚያየው የታችኛውን መዝገብ ነው። አዲስ ማስረጃ የሚሰማው አስፈላጊነቱን ሲያምንበት ብቻ ነው። ብቻውን የቆመ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የቀረ ነገር መዝገብ ላይ የለም።

እስኪ አማኑኤል አካባቢ ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣሉ እንበል። ዳኛው ተከሳሹን «ድርጊቱን ፈጽመሃል?» አሉት። «አዎ ጌታዬ፣ መትቼዋለሁ፤ ግን ዱላ ቀድሞ ያነሣብኝ እሱ ነው» አለ። ጨዋ ሰው ነው፣ መምታቱን አልካደም። ይህ ግን በሕግ ክስን ማመን አይደለም። አመነ የሚባለው ክሱን ያለ ምንም «ግን» ሙሉ በሙሉ የተቀበለ ሰው ነው። ራስን መከላከል ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 የታወቀ ነው።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ «አምኗል» ብሎ ካሳጠረውና በዚያው ከተፈረደ ችግር ነው። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ጥፋቱን አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ላይ ብቻ ነው፣ በጥፋተኝነቱ ላይ አይደለም። ስለዚህ የመዝገቡ ግልባጭ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ያቺን መስመር ፈልጉ። «ግን» የምትለዋ ቃል ተጽፋ ከተገኘች ትልቁ የይግባኝ ነጥብ እሷ ናት።

ሌላው የጠበቃ ነገር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል። ክሱ ከባድ የአካል ጉዳት ሆኖ ይህ መብት ካልተነገራችሁ፣ በማመልከቻው ላይ ሳታፍሩ ጻፉት። መብት እንጂ ምጽዋት አይደለም።

ጊዜው ግን አጭር ነው። ይግባኝ እንደምትሉ የምታስታውቁት ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ነው። ዋናው ማመልከቻ ደግሞ ግልባጩን ከተቀበላችሁ በኋላ በ30 ቀን ይገባል። እስር ቤት ያለ ሰው በማረሚያ ቤቱ በኩል ይልካል። ይግባኝ ማለት ብቻውን ቅጣቱን አያስቆምም፤ ዋስትና ለብቻው ይጠየቃል። ግልባጩን የተቀበላችሁበትን ቀን በጽሑፍ ያዙ፣ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነው።