የድሮ አሜሪካ ቤቶች የባልትና ደብተር

በ18ኛው መቶ ዘመን አሜሪካ የኬክ አሠራር በብዛት የሚገኘው ከታተመ መጽሐፍ ሳይሆን ከደብተር ነበር። ደህና ኑሮ ያላት እመቤት በላባ ብዕር ትጽፋለች፣ ከዘመድ ከጎረቤት የሰማችውን ትጨምርበታለች፣ ስታረጅ ለልጇ ወይ ለልጅ ልጇ ታወርሳለች። ድሃ ቤት ግን በቃልና በማየት ነው የሚማረው። ደብተሩ ደግሞ የምግብ ብቻ አይደለም፤ ከኬኩ አጠገብ የሳል መድኃኒት ቢገኝ አይገርምም።

በጣም የታወቀው የማርታ ዋሽንግተን ነው፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሚስት። የጻፈችው ግን እሷ አይደለችም። ከመጀመሪያ ባሏ ቤተሰብ የመጣ፣ ከ500 በላይ አሠራር ያለበት የቆየ ደብተር ነው። በ1799 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለልጅ ልጇ ለኔሊ ሰጠችው፣ በ1981 ታተመ።

ሌላዋ የልጅ ልጇ የገለበጠችው የ«ታላቁ ኬክ» አሠራር ደግሞ ጉድ ነው፦ 40 እንቁላል፣ 4 ፓውንድ ቅቤ፣ 4 ፓውንድ ስኳር፣ 5 ፓውንድ ዱቄት፣ 5 ፓውንድ ፍራፍሬ፣ ወይንና የፈረንሳይ ብራንዲ። ዱቄቱ ብቻ ከ2 ኪሎ ያልፋል። ነጩ ከአስኳሉ ተለይቶ አረፋ እስኪያወጣ ይመታል፣ እስኪለሰልስ የታሸው ቅቤ ላይ በማንኪያ በማንኪያ ይገባል፣ 2 ሰዓት ይጋገራል። በቃ። እሳቱ ምን ያህል ይሁን? መጋገሪያው ምን ይከል? ምንም አይልም።

እንዴት ይበል? ቴርሞሜትር የለም። በጡብ ምድጃው ውስጥ እንጨት ይነድና ፍሙም አመዱም ተጠርጎ ይወጣል፣ ከዚያ እጅን አስገብቶ ሙቀቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቻል ማየት ነው። ደብተሩ ሙያ ላላት ሴት ማስታወሻ እንጂ ለጀማሪ ማስተማሪያ አልነበረም። ያን ሁሉ እንቁላል መምታት ያስፈለገውም ቤኪንግ ፓውደር ገና ስላልተሠራ ነው፤ ኬክ የሚነፋው በእንቁላል አረፋ፣ ካልሆነም በቢራ እርሾ ነበር። ከእንጨት አመድ የሚወጣው የሊጥ ማስነፊያ ዱቄት፣ ፐርላሽ፣ በታተመ መጽሐፍ የመጣው በ1796 ነው፣ አሜሪካዊቷ አሚሊያ ሲመንስ ባሳተመችው።

40ውን እንቁላል የሚመታውስ ማን ነው? እመቤቷ ናት ብሎ ማሰብ የዋህነት ይመስለኛል። በዋሽንግተኖች ወጥ ቤት የሚለፉት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ስመ ጥሩው ወጥ ሠሪያቸው ሄርኩለስ በ1797 አምልጦ ጠፋ። እንዲህ ያሉ ደብተሮች የሚጠሩት ግን በእመቤቶቹ ስም ነው። የሦስተኛው ፕሬዚዳንት የጄፈርሰን ወጥ ሠሪ ጄምስ ሄሚንግስ መጻፍ ይችል ስለነበር በ1796 ነፃ ሲወጣ የወጥ ቤቱን ዕቃ ዝርዝር በራሱ እጅ ጽፎ ትቷል።

በኩባያና በማንኪያ እኩል አስተካክሎ መለካት የተስፋፋው ከአሜሪካዊቷ የምግብ ሥራ አስተማሪ ከፋኒ ፋርመር የ1896 መጽሐፍ ወዲህ ነው። ደብተሩ ግን ያኔም አልቀረም፤ ከጋዜጣ የተቆረጠ አሠራር እየተለጠፈበት ቀጠለ።