መጠባበቂያ በጀት ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ቤት ገዝቶ አድሶ ስለመሸጥ ወይም ስለማከራየት በሚወራበት ሁሉ አንድ ምክር ይደጋገማል፦ «ጥገናውን በግምት ያዝ፣ 10 በመቶ መጠባበቂያ ጨምርበት፣ በቃ።» አንዱ አስተያየት ሰጪ ደግሞ ከዚህም አልፎ ቤቱን ከመግዛት በፊት በዝርዝር ማስፈተሽ ጊዜ ማባከን ነው፣ የቀረውን መጠባበቂያው ይሸፍነዋል ይላል። በዚህ ምክር ተመርቶ ቤት የገዛ ሰው ትርፉን ገና ሥራው ሳይጀመር ያጣል።

መጠባበቂያ ላልታወቀ ወጪ ተለይቶ የሚቀመጥ ገንዘብ ነው፤ የሚያዘውም ሥራው ተለክቶ፣ ተዘርዝሮ፣ ዋጋ ከወጣለት በኋላ ነው። የሚጠብቀው ግድግዳ ሲፈነቀል፣ ወለል ሲነሳ፣ ቆርቆሮ ሲገለጥ ብቻ የሚታየውን ነገር ነው። ከጣሪያው ሥር የበሰበሰ እንጨት፣ ከሴራሚኩ ጀርባ የዛገ ቧንቧ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ኮርኒሱ ላይ ያለ የውሃ እድፍ ግን አይገባም፤ እድፉን ካየኸው የሆነ ቦታ ውሃ እንደገባ አውቀሃል፣ የጥገናው ዋጋ በዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። የማይዘጋ በር፣ የጎደለ አሸንዳ፣ የፍርስራሽ ማንሻ፣ የፈቃድ ክፍያም እንዲሁ።

ነገሩ እንደ መኪና ስኮርታ ነው። ስኮርታ የሚያዘው አራቱ ጎማዎች ደህና ሆነው መንገድ ላይ ሚስማር ቢወጋ ተብሎ ነው። አራቱም ያለቁ ጎማዎች ይዞ «ስኮርታ አለኝ» ብሎ የሚነሳ ሰው የመጀመሪያው ሲፈነዳ ይቀይራል፣ ሁለተኛው ሲፈነዳ ይቆማል። ለትንሽ መኪና የተሠራ ስኮርታም ለጭነት መኪና አይሆንም፤ ለቀለም ቅብ የሚበቃ መጠባበቂያ የቧንቧ መስመር ለሚቀየርበት ቤት አይበቃም። ስኮርታውን የተጠቀመ ሰው ደግሞ ጉዞው ገና ረጅም ከሆነ መጀመሪያ ወደ ጎሚስታ ነው የሚሄደው፤ መጠባበቂያውን በሥራው አጋማሽ የጨረሰም ቀሪውን ሥራ እንደገና ተምኖ ገንዘብ ሳይተካ መቀጠል የለበትም።

በቁጥር እንየው። የተዘረዘረው ጥገና 200,000 ነው፣ መጠባበቂያው 10 በመቶ፣ ማለትም 20,000። ከዝርዝሩ ግን አሸንዳና መውረጃው 9,000፣ ሁለት በር 7,000፣ ፍርስራሽ ማንሳት 6,000፣ ፈቃድ 3,000 ተረስተዋል። ድምሩ 25,000 ነው። አንድም ግድግዳ ሳይነካ መጠባበቂያው አልቆ 5,000 ጎድሏል። ከዚያ በኋላ ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣው ሁሉ በቀጥታ ከትርፍ ይቀነሳል። የመግዣ ዋጋው አስቀድሞ ስለተከፈለ ወደ ሻጩ ተመልሶ መደራደር አይቻልም። እነዚያ አራት ነገሮች ከግዢ በፊት ተቆጥረው ቢሆን ኖሮ የመደራደሪያ ነጥብ ይሆኑ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መታጠቢያ ቤት ላይ ነው። 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ክፍል ወለሉ 4 ካሬ ነው፤ ግድግዳው እስከ 2 ሜትር ከፍታ ሴራሚክ ቢለብስ በሩ ተቀንሶ 14.6 ካሬ ገደማ ይሆናል። ለቁርጥራጭና ለስባሪ 10 በመቶ ሲጨመር የሚገዛው 20.5 ካሬ ያህል ነው። ሰዉ እዚህ ላይ ያቆማል። የድሮው ሴራሚክ ሲፈነቀል ግን ልስኑ አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ልስን አለ። ወለሉ ወደ ፍሳሹ ለእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር እንዲያዘነብል ሊሾው እንደገና ይሠራል። በላዩ ውሃ መከላከያ ይቀባል፤ ግድግዳው ላይም ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ሻወሩ ጋ ደግሞ ውሃ እስከሚረጭበት ከፍታ ድረስ ይወጣል። ከዚያ ፍሳሹ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ለ24 ሰዓት ይታቆራል፣ ከታች እርጥበት አለመኖሩ ይታያል፣ ሴራሚኩ የሚለጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሙከራ የዘለለ ሰው ሲያፈስበት ሴራሚኩን ሁለት ጊዜ ይገዛል። እነዚህ ሁሉ የታወቁ ሥራዎች ናቸው፤ አንዳቸውም የመጠባበቂያ ጉዳይ አይደሉም። የሚታየው ቧንቧ አሮጌ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ብረት) ከሆነም ቅያሪው አስቀድሞ ይተመን። ከውስጥ ስለሚዝግ አንዱን ቁራጭ ሲፈቱት የሚቀጥለው ቁራጭ የመጋጠሚያ ጥርስ ይሰበራል፣ ጥገናው እየተሳበ እስከ ዋናው መዝጊያ ይደርሳል።

በነገራችን ላይ «በካሬ ይህን ያህል» የሚባለው ግምት የማይሠራውም ለዚህ ነው። መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት በካሬ አንድ ዋጋ የላቸውም።

ታዲያ ስንት በመቶ ይያዝ? ለጠቅላላው አንድ ቁጥር ከመያዝ በየሥራው ማስላት ይሻላል። ያንኑ 200,000 እንውሰድ። ቀለምና የደረቅ ክፍል ወለል 80,000 ነው፣ የተደበቀ ነገር ስለሌለው 5 በመቶ ይበቃዋል፣ 4,000። ጣሪያ 40,000፣ በ15 በመቶ 6,000። ኤሌክትሪክ 30,000፣ በ20 በመቶ 6,000። መታጠቢያ ቤትና ቧንቧ 50,000፣ በ25 በመቶ 12,500። ድምሩ 28,500፣ ከጠቅላላው 14.25 በመቶ ነው። መቶኛዎቹ እንደ ቤቱ ዕድሜና እንደ ፍተሻው ጥልቀት ከፍ ዝቅ ይላሉ፤ ኮርኒሱ ተከፍቶ ጣሪያው ከውስጥ ከታየ 15ቱ ወደ 8 ሊወርድ ይችላል። ርካሽ ፍተሻም አለ፦ ቤት ውስጥ ያለው የውሃ መክፈቻ ሁሉ ይዘጋ፣ የውሃ ቆጣሪው ይነበብ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና ይታይ። ቆጣሪው ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል፣ ቦታው ከግዢ በፊት መታወቅ አለበት።

መሠረትን ግን ከዚህ ስሌት አውጡት። ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወጣ፣ አንድ ጫፉ የሚሰፋ፣ ከውስጥም ከውጭም በአንድ ቦታ የሚታይ ስንጥቅ፣ በተለይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ፣ በመቶኛ አይሸፈንም። ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ከሆነ መጠገኑ ስንጥቁን መድፈን ሳይሆን መንቀሳቀሱን ማስቆም ነው፣ ይህም ራሱን የቻለ ዲዛይንና ዋጋ ይፈልጋል። የስትራክቸር መሐንዲስ አይቶ ምክንያቱን እስኪናገር ድረስ ለቤቱ የመግዣ ዋጋ ማቅረብ አያስፈልግም። ስንጥቁ አዲስ ቀለም ተቀብቶበት ከተገኘ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

መጠባበቂያ ለተሻለ ሴራሚክ ወይም ለሰፊ ቁም ሳጥን የሚወጣ ገንዘብም አይደለም። ሐሳብ መቀየር የራሱ በጀት ይኑረው። ሥራው ሲጓተት የሚከፈለው ወለድ፣ ግብር እና መድን የመቆያ ወጪ ነው፣ በሌላ መስመር ይጻፍ። ለሚከራይ ቤትም ከኪራዩ በየወሩ የሚቀመጠው የወደፊት ጥገና ገንዘብ ከዚህ የተለየ ነው፤ የእድሳቱ መጠባበቂያ የሚዘጋው እድሳቱ ሲያልቅ ነው።

አወጣጡ ላይ ሦስት ነገር ይጠበቅ። የመጠባበቂያው መጠን ለኮንትራክተሩ አይነገር፤ ካወቀው ዋጋው ወደዚያው ይጠጋል። ተጨማሪ ሥራ ሲመጣ ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ይነሳ፣ ይለካ፣ ብዛቱና የአንዱ ዋጋ በጽሑፍ ተፈርሞ ይጀመር። ማፍረሱ አልቆ ሁሉም ነገር በተገለጠ ዕለት ደግሞ ቀሪው ሥራ በሙሉ እንደገና ይተመን፤ የቀረው መጠባበቂያ ይበቃ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው፣ ካልበቃም ከሥራው የሚቀነሰው ነገር ሴራሚክና ቀለም ሳይገዛ መወሰን አለበት።