ኤሲ ጋዝ አይጨርስም፦ ሂውስተን ላይ ስለ ኤሲ ጥገና የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሂውስተን ላይ የቤት ኤሲ መጠገን ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ወበቁን ታውቁታላችሁ። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ከበር ወጥቶ መኪና ጋ እስኪደረስ ሸሚዝ ጀርባ ላይ ይለጠፋል። በዚህ አየር ኤሲ ሲቆም ሰው ይደነግጣል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ የተጠየቀውን ይከፍላል። ብዙ ወገኖቻችን ያለአግባብ ሲከፍሉ አይቻለሁ፣ ከልቤ ያናድደኛል። በየሳምንቱ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ጋዙ አልቋል፣ መጥተህ ሙላልኝ»

ይሄ ቁጥር አንድ ነው። ኤሲ ግን እንደ መኪና ነዳጅ ጋዝ አይጨርስም። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ከቤት ወደ ውጭ፣ ከውጭ ወደ ቤት ይዞራል እንጂ አይቃጠልም። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ባለፈው ሰመር አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ እንደ አምናው ጋዙ አልቆብኛል» አሉኝ። «እንደ አምናው» የምትለዋ አሳሰበችኝ። ሄጄ ደረሰኞቻቸውን ሳይ ሦስት ሰመር በተከታታይ ተሞልቶላቸዋል፣ በየጊዜው ወደ 400 ዶላር። አንዱም ወረቀት ላይ የሚያፈስበት ቦታ ተፈለገ የሚል ነገር የለም። አቲክ (ከጣሪያው ሥር ያለው ቦታ) ወጥቼ የኮይሉን፣ ማለትም ጋዙ የሚያልፍበትን የማቀዝቀዣ ቱቦ ጥቅል፣ ሽፋን ፈታሁት። ከታች በኩል፣ ቱቦው የሚታጠፍበት ጋ ወዛም ነገር አለ፣ አቧራ ተለጥፎበት ጠቁሯል። ጋዙ ሲወጣ አብሮት የሚዞረውን ዘይት ይዞ ስለሚወጣ ነው። የሳሙና ውሃ ብቀባበት ትንሽ አረፋ ቀስ እያለች መነፋት ጀመረች። 1,200 ዶላር የወጣው በዚያች ቀዳዳ ነው።

ስለዚህ ጋዝ ቀንሷል ከተባላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት ነው የሚያፈሰው? ስንት ፓውንድ ጨመርክ? የአንዱ ፓውንድ ዋጋ ስንት ነው? መልሱ ወረቀት ላይ ይስፈር።

«ይሄ ጋዝ ታግዷል፣ ሙሉውን መቀየር አለባችሁ»

ግማሽ እውነት ነው፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ብዙ ብር ያስወጣል። አር-22 የሚባለው የድሮው ጋዝ ከ2020 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ እንደ አዲስ አይመረትም፣ ከውጭም አይገባም። አሁን አብዛኛው ቤት ያለው አር-410ኤ ነው፤ ከ2025 ወዲህ አዲስ የሚመረቱት ኤሲዎች ደግሞ ወደ አር-32 እና አር-454ቢ ዞረዋል። ግን ያላችሁን ማሽን መጠቀምም ሆነ ማስጠገን ማንም አልከለከለም። የአር-410ኤ ጋዝ ለጥገና ይሸጣል። ማሽናችሁ የአር-22 ከሆነና ኮይሉ የሚያፈስ ከሆነ እኔም ቀይሩት እላለሁ፣ ምክንያቱም የተረፈው ጋዝ ውድ ነው። የአር-410ኤ ማሽን በትንሽ ብልሽት ቀይሩ የሚላችሁን ግን አመስግናችሁ ሸኙት።

«የውጭው ፋን ቆሟል፣ ኮምፕረሰሩ ሞቷል»

ኮምፕረሰር ጋዙን የሚገፋው ዋናው ሞተር ነው። የውጭው ማሽን እምም ይላል፣ ፋኑ ግን አይዞርም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ካፓሲተሩ ነው፤ ሞተሩን የምታስነሳ፣ የለስላሳ ቆርቆሮ የምታህል ዕቃ ናት። አናቷ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጠ አልቆላታል። ሙቀት ነው የሚገድላት፣ ለዚህም ነው ጁላይና ኦገስት ላይ ስልኬ የማያርፈው።

ዕቃዋ ብዙ ጊዜ ከ30 ዶላር አታልፍም። ሂሳቡ ግን 150፣ 300 ሊሆን ይችላል። «የ20 ዶላር ዕቃ ነው እኮ!» የሚሉኝ አሉ፣ ይገባኛል። መኪናው፣ ኢንሹራንሱ፣ መንገዱ፣ ከተበላሸ ተመልሶ የመምጣት ኃላፊነቱ እዚያ ውስጥ ነው። 800 ከተባላችሁ ግን ሌላ ሰው ጥሩ። ኮምፕረሰር ከተባለም እንደዚሁ፣ ሁለተኛ ሰው ሳያየው እጃችሁን ኪሳችሁ እንዳትከቱ። ካፓሲተሩን ራሳችሁ እንቀይር እንዳትሉ አደራ፤ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ሰው ይጎዳል።

«ኤሲ ነው፣ ውሃ ቢያንጠባጥብ ምን አለበት?»

ከየት ነው የሚያንጠባጥበው? ኤሲ ቤቱን የሚያቀዘቅዘው ወበቁንም ከአየሩ እየጨመቀ ነው፣ ያ ውሃ በነጭ ፕላስቲክ ቱቦ ይወጣል። እዚህ አብዛኛው ቤት ማሽኑ አቲክ ውስጥ ስለሆነ ሁለት መውጫ አለው። ዋናው ወደ ፍሳሽ ይገባል ወይም መሬት አጠገብ ይወጣል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመስኮት ወይም ከበር በላይ ብቅ ይላል። እዚያ የተደረገው ዓይናችሁ እንዲያየው ተብሎ ነው። ከእሱ ውሃ ከወረደ ዋናው ተዘግቷል ማለት ነው። አንድ ወንድማችን ለሁለት ሳምንት ሲያየው ቆይቶ የሳሎኑ ጣሪያ አብጦ ወረደ። የተዘጋ ቱቦ ማስጠረግ የአንድ ጉብኝት ሂሳብ ነው፣ ጣሪያ ማሠራት ግን በሺህ ይገባል።

ቱቦውን የሚዘጋው ሻጋታና አልጌ ነው። በየወሩ፣ ኤሲውን አጥፍታችሁ፣ ማሽኑ አጠገብ ክዳን ባላት የቱቦ አፍ አንድ ኩባያ ነጭ አቼቶ አፍስሱ። በረኪና አልመክርም፣ ብረት ይበላል።

«60 ላይ ካደረግኩት ቶሎ ይቀዘቅዛል»

አይቀዘቅዝም። ተራው የቤት ኤሲ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል፣ 60 ዲግሪ ፋራናይት ብትሉትም 74 ብትሉትም ፍጥነቱ አንድ ነው። ፊልተሩ በቆሻሻ ከተደፈነ ደግሞ አየር ስለማይገባው ኮይሉ በረዶ ይሠራል። የመዳቡ ቱቦ ላይ በረዶ ካያችሁ ማቀዝቀዣውን አጥፉት፣ ፋኑን ብቻ ተዉት፣ ይቅለጥ። በረዶ እያለ ጋዙን መለካት አይቻልም፤ ሳይቀልጥ ከመጣሁ ለሁለተኛ ጉብኝት ልትከፍሉ ነው።

«ከቀየርኩ አይቀር ትልቁን»

ኤሲ በቶን ይለካል፣ 1 ቶን ማለት በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ) ሙቀት ከቤት ማውጣት ነው። ቤቱ 3 ቶን ሲበቃው 5 ከተገጠመ ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፣ እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ አያገኝም። ደረቅ አገር ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ሂውስተን ላይ ግን ቤቱ ቀዝቃዛ ሆኖ አልጋ ልብሱ ይረጥባል፣ ማሽኑም እየበራ እየጠፋ ዕድሜው ያጥራል።

«የኛ ልጅ አለ፣ በካሽ ይሠራልኛል»

የኛ ልጅ መሆኑ ጥሩ ነው፣ እኔም የኛ ልጅ ነኝ። ግን ቴክሳስ ውስጥ የኤሲ ሥራ በፈቃድ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ቲዲኤልአር የሚባለው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው፣ ቁጥሩ መኪናው ላይ መጻፍ አለበት፣ ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ ታረጋግጣላችሁ። ጋዝ የሚነካ ሰው ደግሞ የፌዴራል የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል።

«የ10 ዓመት ዋስትና አለኝ፣ ምንም አልከፍልም»

የአምራቹ ዋስትና የሚሸፍነው ዕቃውን ነው። የእጅ ሥራውንና ጋዙን አብዛኛውን ጊዜ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ብዙዎቹ አምራቾች ዘንድ ደግሞ ማሽኑ ከተገጠመ በ60 ወይም በ90 ቀን ውስጥ ካልተመዘገበ 10ሩ ዓመት ወደ 5 ይወርዳል።

የእኚያ እናት ማሽን 8 ዓመቱ ነበር። ዋስትና ይኑራቸው አይኑራቸው አያውቁም፣ ጋዝ የሞሉላቸው ሰዎችም አልጠየቋቸውም። ኮይሉ ላይ የተለጠፈውን ሴሪያል ቁጥር ስልኬ ላይ አስገባሁት፤ ተመዝግቧል፣ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። አዲሱ ኮይል ያለክፍያ መጣላቸው። የእጅ ሥራውንና ጋዙን ከፈሉ፣ አለቀ። እናንተም ዛሬ የውጭው ማሽን ጎን ላይ ያለችውን ሰሌዳ፣ አቲክ ውስጥ ያለችውንም፣ ፎቶ አንሱና ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። አቲክ የምትወጡ ከሆነ በጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ውስጥ አይቻልም።