ቡትሎደር ምንድን ነው?

ባለፈው ፒያሳ አንድ ስልክ ጠጋኝ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ልጅ መጣ። አሜሪካ ያለች አክስቱ የላከችለትን የቆየ ሳምሰንግ ይዟል። «ሊኑክስ ልጭንበት ነው፤ አንሎክ ስለሆነ አያስቸግርም» አለ። ሊኑክስ በአንድሮይድ ፋንታ ስልኩን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ሲስተም ነው። ጠጋኙ ሲም ከተተበት፤ ኔትወርክ ሳበ። እውነትም አንሎክ ነው። ሊኑክስ ግን አልተጫነበትም።

ልጁ የሚያውቀው አንሎክ የሲሙን ነው። የማንኛውንም ኦፕሬተር ሲም ይቀበላል ማለት ነው። ሊኑክስ የሚፈልገው ደግሞ ሌላ ቁልፍ ነው፤ የቡትሎደሩ።

ቡትሎደር ስልክ ሲበራ ቀድመው ከሚነሱት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። ማብሪያውን ተጭናችሁ የአምራቹ አርማ ብቅ ሲል እሱ ሥራ ላይ ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን የሚያስነሳው እሱ ነው፤ ግን ዝም ብሎ አያስነሳም። መጀመሪያ ማህተም ያያል። ማህተም የሌለው ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጽሑፉ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን አይስተናገድም። የስልኩ ማህተም የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ነው። እናንተ የምትጭኑት ሊኑክስ ያ ፊርማ የለውም። ስለዚህ ቡትሎደሩ እንደተቆለፈ ከሆነ አይነሳም።

ቁልፉ ያለ ምክንያት አልመጣም። ስልካችሁን የሰረቀ ሰው ሌላ ሲስተም ጭኖ ፎቶና መልእክታችሁን እንዳይበረብር ያግዳል። ቡትሎደር ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ የሚጠፋውም ለዚሁ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ከፍቼ የእህቴን ሰርግ ፎቶዎች አጥቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡ።

የሚያንገበግበኝ ባለቤቱ ራሱ እንዳይከፍተው ሲከለከል ነው። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ2018 የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቁሟል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የሳምሰንግ ጋላክሲዎችም በአብዛኛው አይከፈቱም። እኛ ከተማ ደግሞ ስንቱ ስልክ ነው በዘመድ ሻንጣ የሚገባው!

የራሳችሁን ለማየት ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለው ጋ ግቡና «ቢልድ ነምበር»ን 7 ጊዜ ንኩት። የዴቨሎፐር ምርጫዎች ይመጣሉ። እዚያ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» (ቡትሎደሩ እንዲከፈት መፍቀጃው) የሚል ካለና ከበራላችሁ ተስፋ አለ። መክፈቻው ግን ያ ብቻ አይደለም፤ ቀሪው ሥራ ስልኩን በኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ነው። አንዳንድ አምራቾችም ኮድ ያስጠይቃሉ።

ከተከፈተ በኋላ ምን ይጫናል? ኡቡንቱ ተች አለ፣ ሌላም አለ። እኔ የምወደው ፖስትማርኬትኦኤስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረ፣ አልፓይን ሊኑክስ የሚባል የሊኑክስ ዓይነት ላይ የተመሠረተ ሲስተም ነው። ሠሪዎቹ ሲነሱ የያዙት ሐሳብ አንድ ስልክ 10 ዓመት እንዲያገለግል ነበር። ከመጫናችሁ በፊት የስልካችሁ ሞዴል ዝርዝራቸው ውስጥ መኖሩን፣ ምኑ እንደሚሠራና እንደማይሠራ እዩ። ካሜራ ብዙ ጊዜ ያስቸግራል፤ ጥሪ የማይሠራባቸውም አሉ። ቴሌብርን የመሳሰሉ የአንድሮይድ መተግበሪያዎች እንዳሉ አይነሱበትም። ስለዚህ በእጃችሁ ያለ ብቸኛ ስልክ ላይ አትሞክሩት።

እኔ የጫንኩበት ስልክ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ዋንፕላስ 6 ነው። አምራቹ አዲስ አንድሮይድ መላክ ካቆመለት ቆይቷል። አሁን ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው የሚውለው። የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በብሉቱዝ ኪቦርድ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ትማርበታለች።