መዝገቡ ይመለስ፦ ባሕር ዳር ላይ የታዋቂ ሰው ሞት ሲጣራ

ባሕር ዳር ውስጥ ስሙ የታወቀ ሰው ድንገት ሲሞት ወሬው ፖሊስን ይቀድማል። ድንኳን ሳይተከል «ገድለውት ነው» ይባላል። አንዳንዴ ባለሥልጣንም ማይክ ሲቀርብለት «ምርመራው አላረካኝም» ይላል። ንግግሩ ሐዘንተኛውን ያጽናና ይሆናል፤ መርማሪውን ግን አያስገድደውም። በሕግ መዝገቡን መልሶ እንደገና አጣሩ ማለት የሚችለው ዐቃቤ ሕግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፖሊስ የምስክር ቃል ይቀበላል፣ የሐኪም ማስረጃ ያያይዛል፣ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ይልካል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 38 አራት መንገድ ይሰጠዋል። ክስ ይመሠርታል፣ ቀዳሚ ምርመራ (ዋናው የፍርድ ክርክር ሳይጀመር ፍርድ ቤት ማስረጃ የሚሰማበት) ያስደርጋል፣ አልከስም ይላል፣ ወይም ተጨማሪ ምርመራ ያዝዛል። ለእኔ ከአራቱ ትልቁ ይህ የመጨረሻው ነው። እውነት የሚተርፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

በተለይ ጉዳዩ ከሐይቁ ጋር ሲገናኝ። ከጣና የወጣ አስከሬን ሁሉ ሰጥሞ የሞተ ሰው አይደለም። ሞቶ የተጣለም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የመተንፈሻ ቧንቧው ውስጥ አረፋ፣ ደለል ወይም የውሃ ሣር አለ ወይ ብሎ ያያል። ጭንቅላቱ ላይ ቁስል ካለ፣ በሕይወት እያለ የደረሰ ነው ወይስ በኋላ ድንጋይ መትቶት? ውሃ ደምም አሻራም ያጥባል። ስለዚህ መጀመሪያ ያየው ሰው ቃል ወርቅ ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ንጋት ላይ መረቡን ሊያነሳ በታንኳ የወጣ ዓሣ አስጋሪ ነው። በዚያው ቀን ካልተጠየቀ ያየው ነገር ከሰፈር ወሬ ጋር ይደባለቅበታል።

ሌላው ፈተና ቀብር ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሬሳ አያሳድርም፤ ቢበዛ አንድ ቀን ነው። የአስከሬን ምርመራ ደግሞ ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር የሚሠራው። ከባሕር ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንኳን ውስጥ ሆኖ ሬሳ መጠበቅ ከባድ ነው። ተቀብሮ ካደረ በኋላ መቃብር ማስከፈት ግን ከዚያም ይብሳል።

ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ስመኘው በቀለ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ፣ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ፖሊስ ጳጉሜ ላይ ራሳቸውን እንዳጠፉ አስታወቀ። ብዙ ሰው አልተቀበለውም። አባይ ከጣና በሚወጣባት ከተማም ነገሩ እስከ ዛሬ ይነሳል። መግለጫ ብቻውን ጥርጣሬ አያጠፋም።

ጎበዝ ዐቃቤ ሕግ መዝገብ ሲመልስ «በደንብ ይጣራ» ብሎ አያልፍም። ጥያቄውን ቁጥር እየሰጠ ይጽፈዋል። ሟቹን መጨረሻ ያየው ማን ነው? ስልኩ የት ደረሰ? የታንኳው ሰው ለምን ቃሉን አልሰጠም? ሲገኝስ ጫማው በእግሩ ነበር?